የነዶ ተሸካሚው ሐውልት ከዝናቡ በፊት እንዲወርድ

ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሰቲት ማዶ መረዳጃ ማኅበር ሊቀ መንበር ጽሕፈት ቤት
ገዳሪፍ

ጉዳዩ፦ አባቴ ኡስታ ሰላሃዲን በማኅበሩ ግቢ ያቆሙት የሲሚንቶ ሐውልት እንዲፈርስ፣ ከሥሩ የተጠለሉት ቤተሰቦችም ዛሬውኑ እንዲነሡ ስለመጠየቅ

ክቡር ሊቀ መንበር፣

አመልካች ሳና ሰላሃዲን በሰሊጥ ገበያው ጆንያ በመስፋት የምተዳደር የማኅበሩ አባል ነኝ። አማርኛ ማንበብና መጻፍ የተማርሁት በዚሁ ግቢ፣ ሐውልቱ ጥላውን በሚጥልበት ክፍል ነው። ይህን የምጠቅሰው ማንነቴን ለማስረዳት ነው። ለዚያ ብቻ ግን አይደለም። በዚያ ፊደል የምን ነገር እንዲፈርስ እየጻፍሁ እንደሆነ አውቃለሁ።

1. ስለ ሠሪው። አባቴ በወጣትነታቸው ከጭልጋ ወገን ተነሥተው፣ በመተማ አድርገው፣ በእግር ወደ ሱዳኑ ገላባት ተሻገሩ። በፋሽጋ እርሻዎች ሰሊጥ አጨዱ። ቀጥሎ ሲሚንቶ አቡኪ፣ ቀጥሎ ግንበኛ ሆኑ፤ የዚህ አገር ሰው የእጅ ባለሙያን እንደሚጠራው «ኡስታ» ተባሉ። ሐውልት መሥራት ያስተማራቸው ሰው የለም። ግንብ ሲገነቡ ውለው የተረፈውን ሲሚንቶ ባለቤቱን አስፈቅደው ይወስዱ ነበር። በገላባት መንገድ፣ የጭነት መኪና ሾፌሮች በሚያርፉበት ቦታ፣ የተንበረከከ ግመል ሠሩ። ኒው ሀልፋ ላይ የሸንኮራ አገዳ እስር የሚመስል የውሃ መቅጃ አቆሙ። ሰው ገዝቶ ቤቱ የሚያስገባው ነገር ሠርተው አያውቁም። ሟች እናቴ ራሒማ «የኛ ጣሪያ ያፈሳል፤ የሰው መንገድ ግን ግመል አለው» እያሉ ይስቁባቸው ነበር። አባቴም ይስቁ ነበር። ጣሪያው እስካሁን ያፈሳል።

በአንዱም ሥራቸው ላይ ስማቸው አልተጻፈም።

2. ስለ ሐውልቱ። በማኅበሩ ግቢ የቆመው ነዶ ተሸካሚ የመጨረሻ ሥራቸው ነው። ሁለት ሰው ቢደራረብ የሚያህል አጫጅ፣ በትከሻው ላይ ከራሱ የሚበልጥ የሰሊጥ ነዶ የተሸከመ። ፊት የለውም። መልክ መቅረጽን የማይወዱ ሽማግሎች ነበሩ፤ አባቴም ራሳቸው ይፈሩ ነበር፤ ስለዚህ ፊቱን በጥምጥም ሸፈኑት። ፊት ስለሌለው ሁሉም የራሱን ሰው አደረገው። አንዱ በአጨዳ ላይ የሞተ ወንድሙን፣ ሌላዋ ከድንበር ያልተመለሰ ባሏን ያዩበታል። በአረፋም በፋሲካም እግሩን ነክተው የሚሄዱ አሉ። እንዲፈርስ የምጠይቀው ሲሚንቶ ብቻ እንዳልሆነ ይገባኛል። ገብቶኝ ነው የምጠይቀው።

3. ስለ አሠራሩ። የነዶው ውስጥ እውነተኛ የሰሊጥ አገዳ ነው። አባቴ ተወቅቶ የተጣለውን አገዳ ሰብስበው፣ በሽቦ አስረው፣ በቀጭን ሲሚንቶ የተነከረ ጆንያ ጠቅልለውበት፣ ከላይ ለሰኑት። ክብደት ይቀንሳል፣ ሲሚንቶ ይቆጥባል ብለው ነው። ማኅበሩም ለእንግዳ ሲያስጎበኝ «ውስጡ የኛው ሰሊጥ ነው» እያለ ይኮራበታል። ጆንያውን ሰፍቼ ያቀረብሁት እኔ ነኝ።

አገዳ ግን እንጨት ነው። እንጨት ባለበት ምስጥ አለ።

4. የሆነው ነገር። እዚህ ሱዳን ጦርነቱ ከተነሣ ወዲህ ግቢው ለተፈናቃዮች ክፍት መሆኑ ይታወቃል፤ ማኅበሩን አመሰግናለሁ። የመማሪያ ክፍሉ የአባላት ጆንያ ስለተከማቸበት ተቆልፏል። ስለዚህ ከስደተኞች ካምፕ የመጣው የትግራይ ተወላጁ እምባየ ከሚስቱ ከኣብረኸትና ከሕፃናቱ ጋር በነዶው ጥላ ሥር ሸራ ወጥሮ ይኖራል። ከጎኑ ሌሎችም አሉ። ባለፈው ወር ለኣብረኸት የተሰፋ ምንጣፍ ላደርስ ሄጄ ከሐውልቱ እግር ተደግፌ ሳለሁ፣ ከብብቱ ሥር ደቃቅ አፈር ትከሻዬ ላይ ወረደ። ቀና ብዬ ሳይ ቀይ የምስጥ መንገድ ከእግሩ ተነሥቶ እስከ ነዶው ይወጣል። ድንጋይ ላይ ወጣሁና በእጄ የነበረውን የጆንያ መርፌ በብብቱ በኩል ወደ ነዶው ገፋ አደረግሁ። ይመልሰኛል ብዬ ነበር። መርፌው እስከ ዓይኑ ገባ።

መርፌውን ሳወጣ ያየኝ ሰው አልነበረም። ቀዳዳውን በእርጥብ ጭቃ ደፈንሁት።

ለምን ደፈንሽው ተብዬ ብጠየቅ መልሱ ይህ ነው። በዚያው ሰሞን የጽሕፈት ቤቱ ሰዎች ስኳር ይዘው ቤታችን መጥተው ነበር። ለመጪው አረፋ ሐውልቱ ቀለም ተቀብቶ፣ ሕዝብ ከሥሩ ተሰብስቦ፣ የአባቴ ስም በሰሌዳ እንደሚለጠፍበት ነገሯቸው። አባቴ ዓይናቸው ደክሟል፤ ሰሌዳው ሲሰቀል ባያነቡትም በጣታቸው ፊደሉን እንደሚዳስሱት ነገሩኝ። አዲስ ጀለብያ አሰፉኝ። እጅጌው ረዘመ ብለው ሁለት ጊዜ አስፈቱኝ። እንዲህ ደስ ብሏቸው አላውቅም። እኔም እየሰፋሁ ዝም አልሁ። በዝምታዬ ውስጥ እነኣብረኸት በየዕለቱ ከዚያ ነገር ሥር ይተኛሉ። ይህን አውቅ ነበር። እያወቅሁ እጅጌ አሳጥር ነበር።

5. ከመጻፌ በፊት ያደረግሁት ሙከራ። በመጀመሪያ እምባየን ሸራውን ወደ አጥሩ እንዲያዞር ለመንሁት። ምክንያቱን አልነገርሁትም። «ሓፍተይ» አለኝ፣ በቋንቋው እኅቴ ማለቱ ነው፤ «ከሰማይ የሚወድቀውን ስንሸሽ ነው እዚህ የደረስነው። ይኼ ቦታ ቢያንስ ጥላ አለው።» ሳቀ። ኣብረኸት ግን አልሳቀችም። «ምን አይተሽ ነው?» ብላ ፊቴን ትመለከት ጀመረች። ፀሐዩን ሰበብ አድርጌ ወጣሁ።

ከዚያ ለአባቴ ነገርኋቸው። «ምስጥ ሲሚንቶ ሲበላ የት አየሽ?» አሉኝ። መርፌው መግባቱን ነገርኋቸው። «አንች ልጅ፣ መርፌሽን ለጆንያሽ አድርጊው። ሐውልት እንደ ጆንያ አይወጋም።» የገላባቱ ግመል ባለፈው ክረምት በራሱ እንደ ተደረመሰ ከአንድ ሾፌር የሰማሁትን አነሣሁ። «መኪና ገጭቶት ነው» አሉ። ገጭቶት ሊሆን ይችላል። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እኔም ጀለብያውን አጣጥፌ ልወጣ ስል፣ ሳይዞሩ፣

«መርፌው በየት በኩል ነው የገባው?» አሉኝ።

በብብቱ በኩል መሆኑን ነገርኋቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጀለብያውን አላነሡብኝም። በተረፈ ስለ አረፋው በዓል ለሚጠይቃቸው ሰው ሁሉ «ኢንሻአላህ» ይላሉ።

6. ትናንት ከሰዓት በኋላ የዘንድሮው የመጀመሪያ ካፊያ ወረደ። ሲሚንቶውን ብቻ አረጠበ። ከነዶው ሥር ግን የእርጥብ አገዳ ሽታ ወጣ። ዛሬ ይህን የምጽፈው ስለዚህ ነው። ክረምቱ ሙሉ በሙሉ ሲገባ ያ ነዶ ውሃ ይጠጣል፤ ውስጡ ያለው የምስጥ አፈር ይከብዳል፤ የሚይዘው ጤነኛ አገዳ ግን የለም።

ስለዚህ ጽሕፈት ቤቱን የምጠይቀው፦

ሀ) የክፍሉ ቁልፍ ዛሬ እንዲከፈት፣ ጆንያዎቹ ወደ አንድ ጥግ ተገፍተው ቤተሰቦቹ እንዲገቡ። ጆንያዎቹን እኔ እሸከማለሁ። ለእምባየና ለኣብረኸት ምክንያቱን ራሴ እነግራቸዋለሁ፤ ለኣብረኸት መልስ አለብኝ።

ለ) በሐውልቱ ዙሪያ አጥር እንዲደረግ፣ የአረፋው ስብሰባም ሌላ ቦታ እንዲሆን።

ሐ) ሐውልቱ ከዝናቡ በፊት እንዲወርድ። በመዶሻ ከእግሩ አይጀመር። በአንድ ወገን የክፍሉ ግድግዳ፣ በሌላው ሴቶች ተሰልፈው ውሃ የሚቀዱበት ታንከር አለ። ነዶው በገመድ ታስሮ ከላይ ቀድሞ መውረድ አለበት።

ስለ ሰሌዳው ጥያቄ የለኝም።

7. በዚህ አቤቱታ የመጀመሪያ ረቂቅ ላይ ስሜ በምስጢር እንዲያዝልኝ የሚል አንድ ቁጥር ነበር። አስቤ አወጣሁት። ምክንያቱ ጀግንነት አይደለም። አባቴ ሐውልቱን ያለ ንድፍ ነው የሠሩት። ብረት በዚያ ጊዜ ስላጠራቸው በአንደኛው እግሩ ብቻ እንዳስገቡ አንድ ጊዜ ሲያወሩ ሰምቻለሁ። በየትኛው እንደሆነ አላውቅም። ከእርሳቸው በቀር የሚያውቅም የለም። ያ ሳይታወቅ ነዶው ሲነሣ ሰውነቱ ወደ ግድግዳው ይሁን ወደ ታንከሩ እንደሚያዘነብል መናገር አይቻልም። እንግዲህ ሐውልቱን ለማውረድ ሠሪውን መጠየቅ ግድ ነው። ሠሪውን መጠየቅም ማን እንዳመለከተ መንገር ነው፤ የመርፌውን ነገር ከእኔ በቀር የነገራቸው የለም። እኔ ብጠይቃቸው አይመልሱልኝም፤ ልጃቸው ስለሆንሁ ይቆጡኛል፣ ቁጣው ውስጥ ይደበቃሉ።

ስለዚህ ጽሕፈት ቤቱ ሰው እንዲልክላቸው እለምናለሁ። ስኳር ይዞ አይምጣ። ሊያጽናና፣ ሊያከብር፣ ስለ ዕድሜ ሊያወራ አይምጣ። አንድ ግንበኛ ሌላ ግንበኛን እንደሚጠይቅ፣ ቆሞ፣ «ኡስታ፣ ብረቱ በየትኛው እግሩ ነው?» ይበላቸው። ይመልሳሉ ብዬ አምናለሁ። ሥራ ሲጠየቁ ዝም ብለው አያውቁም።

ማን እንዳመለከተ ከጠየቁ ይህ ወረቀት ሳይቆረጥ እስከ ፊርማው ይነበብላቸው። እኔም በዚያ ሰዓት እቤት እሆናለሁ።

ለሚሰጠኝ ፈጣን ምላሽ ከወዲሁ እያመሰገንሁ፣

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ሳና ሰላሃዲን
የኡስታ ሰላሃዲን ልጅ