እማዬ የሂሩትን ቁጥር ጠየቀችኝ

እሑድ፣ የካቲት 8

እማዬ በምትኖርበት በቁይ ከተማ ኢንተርኔቱ ደካማ ስለሆነ፣ የበገና መዝሙር በስልኬ አንድ በአንድ እያወረድኩ የምልክላት እኔ ነበርኩ። ባለፈው ሳምንት ግን የወንድሜ ሚስት ሂሩት ሊኑክስ የሚሉትን ሲስተም የጫነችበትን ላፕቶፕ ከፈተች፤ ተርሚናል በምትለው ጥቁር መስኮት ላይ አንዲት መስመር ትእዛዝ ጻፈች። ምሳ በልተን ሳንነሳ መዝሙሮቹን የማወርድበት የበገና ቻናል በሙሉ ወርዶ አለቀ። በፍላሽ አድርጋ ላከችላት። እንዴት እንደሆነ ስጠይቃትም አጠገቧ አስቀምጣ አሳየችኝ። ብትኮራብኝ ይሻለኝ ነበር።

ዛሬ እማዬ ደወለች።

«የሂሩትን ቁጥር ስጪኝ እስቲ፣ ልመርቃት። እንዴት ያለች ልጅ ናት!»

ለእኔ እንዲህ ብላኝ አታውቅም። ድምፅዋ ጥርት ብሎ ይሰማኝ ነበር።

«እማዬ፣ እየተቆራረጠ ነው፤ አይሰማኝም» አልኩና ዘጋሁት።

ይኸው መልሳ እየደወለች ነው።