የሶፋው ባለቤት

ይበልጣል፣ ሆዴ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። ይህን በገዛ እጄ ነው የምጽፍልህ፤ አትሳቅ። ተቀምጬ ከምቆዝም ብዬ ለጎልማሶች ትምህርት ተመዘገብኩ። ፊደሎቼ እንደ ክረምት አጥር ወደ አንድ ጎን ያዘነብላሉ፣ ግን ይነበባሉ።

ቢቸና እንዳለች ናት። መብራት ሲፈልገው ይመጣል። እህትህ ዛሬም ጠላዬ ቀጥኗል ትላለች፤ መጠጣቱን ግን አትተውም። በወንበርህ በኩል የሚያፈሰውን ጣሪያ አስደፈንኩት። እዚያ ማንም አይቀመጥም፣ ድመቷን እንኳ አባርራታለሁ።

የምጽፍልህ ግን ስለዚያ የእሑድ አስቂኝ ድራማ ነው። ልጃቸውን ሊድሩ የተዘጋጁት ባልና ሚስት አማቾቻቸው ፊት እንዳያፍሩ፣ ቁልፉን አደራ ሰጥቷቸው ከሄደው ጎረቤት ቤት ሶፋውን ሳያስፈቅዱ አውጥተው የራሳችን ነው አሉ። አማቾቹ ሶፋውን ሲያደንቁ በር ተንኳኳ፤ የሶፋው ባለቤት ነው። ወዲያው ጽሑፍ መጣ። ያን ጊዜ ማንበብ አልችልምና አንተ «ይቀጥላል» ብለህ አነበብክልኝ። ጠላ ቀድቶ ዋንጫውን መንጠቅ ነው ብዬ ተናደድኩ።

ከዚያ ተከራከርን። እኔ፣ ሰውየው ሶፋውን በእንግዶቹ ፊት አሸክሞ ይሄዳል፣ ሠርጉም ይፈርሳል አልኩ። አንተ፣ «አይ አንቺ! ሰው የጎረቤቱን ገመና ይሸፍናል እንጂ» አልክ። በሚቀጥለው እሑድ ይለይልናል ተባባልን። እሑድ ሳይደርስ ሄድክ።

ቴሌቪዥኑን በጥቁር ጨርቅ ሸፈንኩት፤ የሐዘን ቤት ሳቅ አያምርበትም። ጎረቤታችን ጥሩወርቅ ሁለተኛውን ክፍል አይታው ኖሮ ልትነግረኝ ስትል፣ እሱ ያላየውን እኔ አልሰማም ብዬ አፏን አስያዝኳት። ተቀይማኝ ከረመች። ሙት ዓመትህ ወጥቶ ጥቁሬን ስቀይር እንኳ ያን ጨርቅ ማንሳት እጄ እንቢ አለ። ብረታህ ማን ላይ እኮራለሁ? ብትረታኝስ ማን ይስቅብኛል?

ባለፈው ሰንበት ልጃችን ዘነቡ ከሞጣ መጥታ ድራማውን በስልኳ አወጣችው። ራስ ለራስ ገጥመን አየን። ሰውየው ገባ። ሶፋውን አየ። ባልና ሚስቱ ላብ በላብ ሆኑ። «አሁን!» አልኩ። እሱ ግን እንደ እንግዳ እጅ ነሥቶ፣ በገዛ ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ፣ «ምነው እኔም እንዲህ ያለ በኖረኝ!» አለ።

ሳቅኩ። ከሄድክ ጀምሮ የታመቀው ሁሉ ወጣ መሰለኝ፣ ማቆም አቃተኝ። ጥሩወርቅ ልቅሶ መስሏት ነጠላዋን አዘቅዝቃ እየሮጠች መጣች። «ማን ሞተ?» አለች። «ማንም! ይበልጣል ረታኝ» አልኳት። እሷም አጠገባችን ተቀምጣ፣ «እዩት፣ አሁን እዩት» እያለች እስኪያልቅ አስቸገረችን። መጨረሻ ላይ «ተፈጸመ» የሚለውን ራሴ አነበብኩት።

እንግዲህ ሞተህም ትረታለህ። ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው ብዬ ግን አላምንም፤ እህትህ ብትሆን ሶፋውን ከነእንግዶቹ ትጎትተው ነበር።

ጨርቁን አንስቼዋለሁ። የዚህ እሑድ ድራማም በር ሲንኳኳ ቆሟል። መጀመሪያ የእኔን ክፉ ግምት እናገራለሁ፣ ቀጥሎ ወደ ወንበርህ ዞሬ ያንተን ደጉን። እኔ እያለሁ፣ በዚህ ቤት ያንተ ግምት ሳይነገር ሁለተኛ ክፍል አይታይም።