ዋናው የታለ?

የካቲት 6፣ ጠዋት
ሰማያዊው የፓስቴል ቀለም ዛሬም ተሰበረ። ጣቴ ላይ ያለው ብናኝ ወረቀቱ ላይ ካለው ይበልጣል። የከተማችን የመርሳ አሮጌ መዋኛ ደርቋል፤ ዕድሜው ከአባባ ይበልጣል፤ ወለሉ ላይ ጭድ ተከምሯል። የሥዕሉን ውሃ ከራሴ ማምጣት አለብኝ። አባባ የአሰብ መንገድ ሹፌር ሳሉ ቀይ ባሕር ውስጥ ዋኝተዋል። ሲመለሱ ይህን መዋኛ «ባሕሩ» አሉት፤ የከተማው ሰውም በዚያው ስም ጠራው። አሁን ዓይናቸው እየሄደ ነው። የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውም አይቆይም ብሏል ዶክተሩ። የለመኑኝ አንድ ነገር ነው፦ ሳይጨልምብኝ ዋናውን ሣዪልኝ።
እደርስ ይሆን፣ ደብተሬ?

የካቲት 9
ጋራዥ ያለው ጎረቤቴ ታደሰ ዘይት ሊገዛ ሱቄ ገብቶ ሥዕሉን አየ። ባሕሩ እዚያ ደርቆ እዚህ ሱቅ ገባ እንዴ፣ ግብር እንዳይጨምሩብሽ አለ። ሳቅሁ። እንደ ወጣ ሳቁ ጠፋ። ድንጋዩ፣ ደረጃው፣ መዝለያው፣ ሁሉም ልክ ነው። ታዲያ ለምን አያሳርፈኝም?

የካቲት 11፣ ከሰዓት
ለአባባ አሳየኋቸው። መስኮቱ አጠገብ፣ ወረቀቱን አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው አዩት። ከዚያ፦ «ዋናው የታለ?»
ይኸው አባባ፣ ዋናው ገንዳ መሃል ላይ፣ ትንሹ የልጆቹ በስተግራ፣ አልኳቸው።
«ኤዲያ! ዋናውን ነው የምልሽ፣ ዋናውን! አንድ የሚዋኝ ሰው የለበትም እኮ። ይሄማ የከብት ማጠጫ ነው።»
እኔ ዋናውን ገንዳ ሣልኩ። እሳቸው የጠየቁኝ መዋኘቱን።

የካቲት 12
ሰው ለመሣል እየሞከርኩ ነው። አንዱ የተኛ ይመስላል። አንዱ ሰምጧል። ቀደድኳቸው። አካል ውሃ ላይ እንዴት እንደሚቀል ከየት አውቃለሁ? ሴት ልጅ ገንዳ አትገባም ተብዬ፣ የአባባን ጫማ ይዤ ዳር ቆሜ ነው ያደግሁት። አትገባም ያሉኝም ራሳቸው ናቸው።
ዛሬ የሻዩን ብርጭቆ ሳቱት። እጃቸው ባዶ ጠረጴዛ ሲዳብስ አየሁ። አላየሁም አልኩ።

የካቲት 13
ነገርኳቸው። አልቻልኩም፤ ዋና አላውቅም። ወንበራቸው ላይ እንዳሉ ክንዳቸውን ዘረጉ፣ እንደሚዋኝ ሰው አየሩን ወደ ኋላ ሳቡት። የእኔንም ክንድ ይዘው ሳቡ። አንገትሽን አታድርቂ አሉ።
ነገ ሱቁ አይከፈትም። ወንዝ እንወርዳለን። በጋ ነው፤ ጥልቁ ቦታም ከደረቴ አያልፍም። ቀዩን ቀሚሴን እለብሳለሁ፤ ቀይ እስካሁን ያያሉ።
ጫማዬን እሳቸው ይይዙልኛል።