ሁለተኛው መስመር ላይ ያለው ድፋት

ዓርብ፣ ጥር ፲፪ ቀን ፲፱፻፴፩

ደብተሬን ወሰዱብኝ። የይለፍ ወረቀቴንም ጭምር። ፊደሌ ዶሮ የጫረው መስሏል።

ከአሠሪዬ ከሲኞር አልዶ ቤት ወጥቼ፣ ከካዛንቺስ አዲሶቹ ቤቶች ወደ ቂርቆስ ስወርድ ኬላው ላይ አስቆሙኝ። ሌላ ጊዜ ኪሴን ዳብሰው ይለቁኛል። ዛሬ ግን አዲስ አስተርጓሚ ነበር፤ ጫማው የሚያብለጨልጭ፣ ለሹመት የቸኮለ። ብብቴ ሥር ያለውን ደብተር ገለጠና ዓይኑ ፈጠጠ። ከላይ ከላይ የተጻፈው ይሄ ጥቃቅን ነገር ምንድነው አለኝ። ዜማ ነው አልኩት። የምን ዜማ? የፈረንጅ። ሳቀብኝ። ከዚያ ወደ መኮንኑ ዞሮ በጣልያንኛ "የሽፍቶች የምስጢር ጽሕፈት ነው" ሲለው ሰማሁ። ጣልያንኛ እንደምሰማ አላወቀም፣ የኔ ብልጥ!

መኮንኑ እዚያው ሊያስረኝ ነበር። የመንግሥት ሠራተኛ ቤት እንደማገለግል ስነግረው ስልክ ደወለ። ሲኞር አልዶ ዋስ ሆነኝ። ሰኞ በአራት ሰዓት መኮንኑ ቢሮ ቀርቤ ደብተሩ ምን እንደሆነ ማስረዳት አለብኝ። ባላስረዳስ? ከዚያ ግቢ በኋላ በር የወጡ ሰዎች አልተመለሱም። ይህን መጻፍ አልፈለግሁም ነበር፤ በቃ፣ ጻፍኩት።

ጫካ ልግባ? እኔን ሲያጡ አባባን ይይዛሉ። እሱንስ አላደርገውም።

ቅዳሜ፣ ጥር ፲፫

እንቅልፍ የሚባል ዓይኔን አልነካውም።

ጥፋቴን ላስብ። ሲኞር አልዶ የመንገድ ሥራ ጸሐፊ ነው። በአገሩ ዩኒቨርሲቲ የአውሮፓን ሙዚቃ ታሪክ ሲማር ሦስተኛ ዓመቱ ላይ ለጦርነት ጠሩት። ፈቃድ ሲያገኝ ተመልሶ ፈተናውን ሊወስድ መጻሕፍቱን በሣጥን ይዞ መጥቷል። እኔ ደግሞ ከወረራው በፊት ከማርሽ ሙዚቀኞች ጋር ጥሩምባ እነፋ ነበር፤ ይህንኑ ትምህርት ባሕር ማዶ ዩኒቨርሲቲ ሄጄ እንድማር ስሜ ተጽፎ ነበር። ሻንጣ ሁሉ ገዝቼ! ሻንጣው አሁን ሽንኩርት ይቀመጥበታል።

አንድ ቀን መደርደሪያውን ስወለውል መጽሐፉን ቆሜ ሳነብ ሲኞሩ ያዘኝ። አለቀልኝ ስል "እንግዲያው ጠይቀኝ" አለ። ከዚያ ወዲህ ሥራ ስጨርስ መጽሐፉን ይዤ እጠይቃለሁ፣ እሱ ይመልሳል። ከነጭ ጋር አንድ ጠረጴዛ መቀመጥ በሕግ ስለተከለከለ እሱ ተቀምጦ፣ እኔ ቆሜ። ፈታኝ ቆሞ ተፈታኝ ሲቀመጥ የት ታይቶ ያውቃል? ሲሳሳት "ኧረ ተው ሲኞር፣ በመቶ ዓመት ሳትከው!" እለዋለሁ። ፀጉሩን ይነጫል። ደስ የሚል ሰው ነው፤ ጣልያን መሆኑን የምረሳበት ሰዓት አለ፣ ከዚያ ደንግጬ አስታውሳለሁ።

መጽሐፉ መጀመሪያ ላይ የጥንት መነኮሳት መስመር ሳያሰምሩ፣ ከቃሉ በላይ ትንንሽ ምልክት እያደረጉ ዜማቸውን ይጽፉ ነበር ይላል። ይህን ሳነብ ጮህኩ። የአባባ ድጓ እኮ ነው! እኔ በስድስት ዓመቴ አባባ እግር ሥር ቁጭ ብዬ የዜማ ምልክት ስለይ ያደግሁ ሰው ነኝ። እስቲ ልሞክረው አልኩና ሲኞሩ በፉጨት የሚያሰማኝን ሁሉ በኛ ምልክት መጻፍ ጀመርኩ። የመነኮሳቱን ጸሎት፣ የቤተ መንግሥቱን፣ የገበሬውን የሠርግ ጭፈራ ሳይቀር። ቃሉን በማላውቅበት "ላ ላ ላ" እያልኩ። ዐርባ ገጽ! ማለቴ፣ አሁን ሳስበው አስተርጓሚውም አይፈረድበትም። ዐርባ ገጽ ላላላ ያየ ሰው ምን ይበል?

ሲኞር አልዶ ዛሬ መላ አመጣ። እኔ ባዜመው ፈጠርከው ይሉኛል። ስለዚህ ደብተሩን አይቶ የማያውቅ፣ ምልክቱን የሚያነብ ሰው በመኮንኑ ፊት ያዚም። እሱ ደግሞ ያንኑ ዜማ በመጽሐፉ ላይ በጣቱ ይከተላል። ከገጠመ ነፃ ነኝ። "እንዲህ ያለ ሰው አለህ?" አለኝ። ያሉኝ አንድ ሰው ናቸው፤ እሳቸውም አያናግሩኝም።

እሑድ፣ ጥር ፲፬

አባባ የቂርቆስ መሪጌታ ናቸው። ድጓውን ትቼ ጥሩምባ የያዝኩ ቀን "ልጅ የለኝም" አሉ። አንድ ቤት እየኖርን አራት ዓመት ሞላን፤ የሚሉኝ ነገር ሲኖራቸው ለግድግዳው ይነግሩታል። ሽሮው ቀርቧል፣ ለግድግዳው። በሩን የሚዘጋ ጠፋ እንዴ፣ ለግድግዳው። ሲሞቱ የሚወርሳቸው ያ ግድግዳ ነው።

ዛሬ እኔም ፊቴን አዙሬ ለግድግዳው ነገርኩት። አንድም ሳላስቀር። ኬላውን፣ ደብተሩን፣ የነገውን ሰዓት። ስጨርስ መቋሚያቸውን አንስተው ይወለውሉ ጀመር። አይፈረድባቸውም። ከየካቲቱ እልቂት በኋላ ደብተራ ሁሉ "ጠንቋይ" እየተባለ ሲለቀም ጓዳ ተደብቀው ነው የተረፉት። አሁን በገዛ እግርዎ መኮንኑ ቢሮ ይግቡ ማለት ምን ማለት ነው? ደግሞ ነገ ቂርቆስ ነው፤ ማኅሌት ቆመው ነው የሚያድሩት።

"ጸሎት ብቻ ነው ወይስ ዘፈንም አለበት?" አሉ ለግድግዳው።

ልዋሽ ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። "ዘፈንም አለበት" አልኩ።

"እኔ በዚህ አፌ ዘፍኜ አላውቅም" አሉና ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ።

እሺም አላሉ፣ እምቢም አላሉ። አለቀስኩ። ግድግዳው ብቻ ነው ያየኝ።

ሰኞ፣ ጥር ፲፭፣ ቂርቆስ

በሕይወት አለሁ። ልጻፈው፣ ልጻፈው፣ አንዱም እንዳይጠፋኝ።

በአራት ሰዓት ሲኞር አልዶ መጽሐፉን ታቅፎ፣ እኔ ባዶ እጄን መኮንኑ ፊት ቆምን። አባባ የሉም። አራት ተኩል ሆነ። መኮንኑ ሰዓቱን አየ፤ አስተርጓሚው ፈገግ አለ። ያቺን ፈገግታ አልረሳትም። ያኔ ከደጅ የመቋሚያ ድምፅ ሰማሁ፤ ኳ፣ ኳ። አባባ ጥምጥማቸውን እንዳደረጉ፣ ካባቸውን እንደደረቡ ከቅዳሴ በቀጥታ መጡ። ድምፃቸው ዘግቷል። ወደኔ ዞር ብለው አላዩም።

መኮንኑ ደብተሩን አነሳና እንደመጣለት ገለጠ። የመነኮሳቱ ይሁን፣ በቂርቆስ፣ የመነኮሳቱ ይሁን! የገበሬው የሠርግ ጭፈራ ወጣ። ከሩቅ ለየሁት።

አባባ ተቀብለው ዓይናቸው ድረስ አስጠጉት። ላ ላ ላውን አዩ። ጸሎት እንዳልሆነ ወዲያው ገብቷቸዋል። ቀና ብለው ግድግዳውን አዩ፤ እውነቴን ነው፣ የቢሮውን ግድግዳ። አማተቡ። ጀመሩ።

እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ጭፈራው ቀስ አለ፣ ከበደ። መቋሚያው ወለሉን እየነካ ሲሄድ የጎረምሳ ዝላይ የነበረው የሽማግሌ ልመና ሆነ። ግን ራሱ ነው! ሲኞር አልዶ በመጽሐፉ ላይ ጣቱን ያስኬዳል፤ መኮንኑ ጣቱን ያያል።

ሁለተኛው መስመር ላይ ክው አልኩ። ዜማው ሽቅብ መውጣት ሲገባው የአባባ ድምፅ ቁልቁል ወረደ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ድምፅ በሚያወጣው በቅናት ፈንታ የሚያወርደውን ድፋት አድርጌበታለሁ። እሳቸው የተጻፈውን ነው ያነበቡት። የሲኞር አልዶን ጣት አየሁ። አልቆመችም። አንዴ እንኳ ሳትደናቀፍ እስከ መጨረሻው ሄደች።

ገጠመ ወይ አለ መኮንኑ።

"ራሱ ነው" አለ ሲኞር አልዶ። ላቡ በጆሮው ሥር ሲወርድ አይቻለሁ።

መኮንኑ የይለፍ ወረቀቴን ወረወረልኝ። ደብተሩን ግን መሳቢያው ውስጥ ከቶ ቆለፈበት።

ወደ ቂርቆስ ስንወርድ አባባ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ሜዳ ነው፤ የሚያናግሩት ግድግዳ የለም። ቆም አሉ።

"አንተ" አሉኝ። አራት ዓመት ሙሉ ያልሰማኋት ቃል!

"አቤት አባባ።"

"ሁለተኛው መስመር ላይ ድፋቱን ከየት አመጣኸው? ዜማው መውጣት ይፈልጋል፤ አንተ አንቀህ አወረድከው። እንዲህ ነው ያስተማርኩህ?"

ተሳስቼ ነው አልኳቸው። "እኔማ የተጻፈውን ነው የማነበው" ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። መሐል መንገድ ላይ ቆሜ ሳቅሁ፣ ደግሞ አለቀስኩ። የሚያልፉት ሰዎች ያበድኩ ሳይመስላቸው አልቀረም።

ማክሰኞ፣ ጥር ፲፮

ጠዋት ሥራ ገባሁ። መጽሐፉ ጠረጴዛው ላይ የጭፈራው ገጽ ተገልጦ ጠበቀኝ። ሲኞር አልዶ ጀርባውን ሰጥቶኝ ክራባቱን እያሰረ "ሁለተኛው መስመር" አለ። "ወደ ላይ ነው።"

"አውቃለሁ ሲኞር። አባቴም ነግረውኛል።"

ዞረ። "መጽሐፉን አይተውት ያውቃሉ?"

"ኧረ በጭራሽ።"

ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ። እሳቸው ፈታኝ ከሆኑ እኔ አልቀርብም አለ። ላመሰግነው ስል በእጁ ዝም አሰኘኝ። ምን ያህል እንደደፈረልኝ ያወቅሁት ያኔ ነው፤ ተነስቶ በሩ መዘጋቱን አረጋገጠ።

ስህተቴ ግን እዚያው መሳቢያ ውስጥ አለ። አንድ ሙዚቃ የሚያውቅ ሰው ከመጽሐፉ ጋር ያስተያየው ዕለት ሦስታችንም አለቀልን። ማን ይመጣ ይሆን? መቼ?

ማታ ገና ሳይጨልም አባባ አጠገቤ ተቀመጡ። ሻንጣው ውስጥ፣ ከሽንኩርቱ ሥር፣ ያልተጻፈበት ወረቀት አግኝቼ ነበር። ጭፈራውን ከመጀመሪያው አስጻፉኝ። ድምፃቸው አሁንም እንደዘጋ ነው። ሁለተኛው መስመር ላይ ቅናቱን እስካደርግ ጠበቁኝ፣ አዩት፣ አለፉ። ስንጨርስ የሚነሱ መስሎኝ ነበር።

"እነዚያ መነኮሳት" አሉ፣ ወደ ግድግዳው ሳይሆን ወደኔ ዞረው፣ "ምልክቱን ትተው መስመር ማስመር ምን አስፈለጋቸው?"

ይሄ እኮ ምዕራፍ ሁለት ነው! ጉሮሮዬን ጠረግሁና እንደለመድኩት ቆሜ ልናገር ተነሳሁ።

"ተቀመጥ" አሉኝ። "ተቀመጥና ንገረኝ።"