ለእንግዳ የተደበቀው ጠርሙስ

ጥቅምት 11፣ ሰኞ፣ ጠዋት 5 ሰዓት

ጓንት አልቋል፣ ደብተሬ። ሳሙና ካየን ሁለት ወር። ከቤቴ ከውርጌሳ ወደ መርሳ ሆስፒታል ስመጣ የመኪናው ጎማ ፈነዳ፤ ዘግይቼ ገባሁ፤ ተረኛዋ አኮረፈችኝ። የጨቅላ ሕፃናት ክፍላችን አምስት አልጋ፣ ሰባት ልጅ። ትናንት የተወለደች አንዲት አለች፤ የትርንጎ ልጅ። በእናቷ ሆድ ሰባት ወር አልሞላትም። 1 ኪ.ግ ከ100 ግ.። ስትተነፍስ ደረቷ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ታቃስታለች።

ያው የምናውቀውን ጠርሙስ ሠራሁላት። አፍንጫዋ ላይ ቀጭን ቱቦ፤ በአንድ በኩል ኦክስጅን ይገባል፤ የሌላው ጫፍ ውሃ ውስጥ 5 ሳ.ሜ ይጠልቃል። ውሃው ይንተከተካል፤ ያ ግፊት ትንፋሽ ባስወጣች ቁጥር ሳንባዋ እንዳይጣበቅ ይይዝላታል። ጉሮሮዋ ውስጥ የሚገባ ነገር የለም። ባዶ የግሉኮስ ጠርሙስ፣ ፕላስተር፣ በእስክሪብቶ የተሰመረ መስመር። ሲያዩት ያስጠላል። ግን ይሠራል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ማቃሰቷን አቆመች።

ዋናው መሣሪያ እኮ አለ። አዲስ፣ ላስቲኩ ያልተነሳ፣ ንብረት ክፍል መጋዘን ውስጥ ተቆልፎበታል። ርክክቡ ስላላለቀ አይወጣም ይላሉ። የሰጡን ለጋሾች መጥተው ሪባን ካልቆረጡ ደግሞ ርክክቡ አያልቅም። ሳስበው ምራቄ ይመረኛል።

ጥቅምት 12፣ ማክሰኞ

ትርንጎ በቀዶ ሕክምና ስለወለደች ገና አልተነሳችም። ከልጅቷ ጎን የሚውሉት አያቷ እማማ አልጋነሽ ናቸው፤ ከግራና ከተማ በላይ ካለው ደጋ የመጡ። ዓይናቸው ከጠርሙሱ አይነቀልም።

ከሰዓት በኋላ የልጅቷ ሆድ ተነፍቶ አገኘሁት። ጠርሙሱን ሳይ ውሃው ከመስመሬ አልፏል። 8 ሳ.ሜ። ማን ነካው ብል እማማ ነጠላቸውን ገለጡ። ከሥሩ ትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ። ጠበል። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነው፤ ሰማንያ የምትደርስ አልመሰላቸውም። ልጅቷን እንዳይነኩ እኔው ከልክያለሁ። ስለዚህ አብሯት በሚተነፍሰው ውሃ ላይ ጨመሩት፤ በትንፋሿ በኩል ይድረሳት ብለው።

ጮህኩባቸው። ክፉኛ። ውሃው ከፍ ባለ ቁጥር ግፊቱ ይበረታል፣ ሳንባዋን ሊቀድ ይችላል አልኳቸው። ትርፉን ደፋሁ፤ አየሩን ከሆዷ አወጣሁ። በግማሽ ሰዓት ተስተካከለች። ካርዷ ላይ ሰዓቱን፣ ምክንያቱን፣ ጉዳት እንዳልደረሰ ጻፍኩ። ስወጣ በራሴ አፈርኩ። በእናቴ ላይ እንዲህ ቢጮሁ ምን እል ነበር?

ጥቅምት 14፣ ሐሙስ

ነገ እንግዶቹ፣ ለጋሾቹ፣ ይመጣሉ። ግድግዳው ይቀባል፤ የቀለሙ ሽታ ሕፃናቱ ድረስ ይገባል። የለም የተባለው ሳሙና ዛሬ በየማጠቢያው ተደርድሯል። የት ነበር? ቀፈፈኝ።

ልጅቷ ደህና። ወተት 2 ሚ.ሊ ያዘላት። ለትርንጎ ስነግራት ሳቀች፤ ስፌቷን ይዛ።

ኃላፊያችን ገባ። ጫማው ያብለጨልጫል፤ ሽቶው ቀድሞት ይደርሳል። ጠርሙሱን አይቶ ፊቱን አጨማደደ። ክፍሉን ጠላ ቤት አስመሰላችሁት አለ። እንግዶቹ እንዳያዩት ይነሳ፤ ልጅቷ ለ20 ደቂቃ በተራ ኦክስጅን ትቆይ። አይሆንም አልኩ። ያኔ ስለ ዝውውሬ አነሳ። ማመልከቻዬ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ሊፈርም አስቧል። ውርጌሳ ጤና ጣቢያ፤ ከቤቴ በእግር። ልጄ እኔን ሳይሆን ጎረቤታችንን እማዬ ማለት ጀምሯል።

ደብተሬ፣ ዝምታዬ እሺ ማለት ነበር።

ጥቅምት 15፣ ዓርብ፣ 10 ሰዓት

ነቀልኩት። በእጄ። ማጠቢያው ሥር፣ ከመወልወያው ጎን ደበቅኩት።

ከዚያ ነጭ ጋውን ለብሰን በረንዳው ላይ እንድንሰለፍ ተደረገ። ንግግር። ሌላ ንግግር። መሣሪያው መሐል ላይ ሪባን ታስሮለት ቆሟል። ፎቶ። ጭብጨባ። እኔም አጨበጨብኩ። 20 ደቂቃ የተባለው 55 ሆነ። እንግዶቹ የእኛን ክፍል ከበሩ ላይ አይተው አለፉ። አልገቡም። ማንም ምንም አያይም ነበር!

ሮጬ ስገባ ከንፈሯ ጠቁሯል። እማማ ደጅ ቆመው ሲጣሩ ጥበቃው እንግዳ አለ ብሎ መልሷቸዋል። የደበቅኩት ቱቦ በመወልወያው ውሃ ርሷል፤ ንጹሕ እስኪገኝ ጊዜ ሄደ። ሁለቴ ትንፋሿ ቆመ። በእጅ በሚጨመቀው ፊኛ እየነፋሁ መለስኳት። ግን እንደ ትናንትናዋ አይደለችም።

መሣሪያው ወደ መጋዘን ተመልሷል። አንድ ፊርማ ይቀረዋል አሉ።

ጥቅምት 17፣ እሑድ

ሞተች። ጠዋት 1 ሰዓት። ክርስትና የለ፣ ስም የለ። ካርዷ ላይ እስከ መጨረሻው "የትርንጎ ልጅ"።

እማማ አላለቀሱም። እጄን ያዙ።

"ሲስተር፣ ያን ውሃ ባልጨምርባት ኖሮ ትተርፍ ነበር?"

በእሱ አይደለም ብላቸው ታዲያ ምን ገደላት ይሉኛል። እግዜር ያውቃል አልኳቸው። እግዜርን መደበቂያ አደረግኩት። እንደ ዛሬ ራሴን ተጸይፌ አላውቅም።

ጥቅምት 18፣ ሰኞ

ሪፖርቱን ኃላፊው ጽፎ ጨርሷል። የሞት ምክንያት፦ ቤተሰብ መተንፈሻው ላይ ውሃ በመጨመሩ። ማስረጃ፦ የነርሷ ማስታወሻ። የእኔ። ጉዳት አልደረሰም ያልኩት ተዘሏል። የዓርብ 55 ደቂቃ ጭራሽ የለም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን። ምስክር በሚለው ሥር ስሜ ተተይቧል፤ የጎደለው ፊርማዬ ነው። ከሥሩ ሌላ ወረቀት፤ ዝውውሬ፣ ተፈርሞ፣ ማኅተም አርፎበት። አብሮ ሰጠኝ፤ እንደ ምርቃት። ነገ ጠዋት ፈርመሽ አምጪ አለ። ወረቀቱ ሳይቀር ሽቶ ሽቶ ይላል።

9 ሰዓት ላይ ትርንጎ ደወለች፤ ትናንት አስከሬኑን ይዘው ቤታቸው ገብተዋል። እማማ ከቀብሩ ወዲህ እህል አልቀመሱም። እኔ ነኝ የገደልኳት ይላሉ። ሲስተርን ጠይቂልኝ አሏት። እደውላለሁ ብዬ ዘጋሁ።

ጥቅምት 19፣ ማክሰኞ፣ 2 ሰዓት

መርሳ መናኸሪያ። የግራና መኪና ውስጥ ነኝ። ሁለት ሰው ይቀረዋል።

አልፈረምኩም። ሁለቱንም ወረቀት ትናንት ከመውጣቴ በፊት ጠረጴዛው ላይ መለስኩለት። ካርዷን አስወጥቼ የዓርቡን ጻፍኩበት፤ ስንት ደቂቃ፣ ማን እንዳዘዘ፣ ማን እንደነቀለ። ከሥሩ ፈረምኩ። ሥራዬም ይቀር ይሆናል። ልጄም ጎረቤታችንን እማዬ እያለ ይክረም።

ከግራና በኋላ ሁለት ሰዓት በእግር ነው አሉ። በስልክ መንገር ይቻል ነበር፤ ግን ፊቴን እያዩ ይስሙኝ።

መኪናው ሞላ። የምላቸው ይኸው ነው፦ እማማ፣ ጠበልዎ አይደለም። የሚያስተነፍሳትን ቱቦ የነቀልኩት እኔ ነኝ፤ ለእንግዳ ብዬ። ከዚያ የሚሉኝን ቁጭ ብዬ እሰማለሁ፤ ቢረግሙኝም፣ ቢያባርሩኝም።