በሰባት ሰከንድ ስለ ተመዘነችው «እንዴ»

ስቶክሆልም ለሚገኘው የአማራጭ ሮክ ሬዲዮ ጣቢያ፣
ለተከበሩ የሙዚቃ መራጭ ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ይልቁንም ለጆሮዎ ጤንነት መልካም ምኞቴን አቀርባለሁ፤ ጠዋትና ማታ እነዚያኑ አርባ ዘፈኖች እየሰማ እስከ ዛሬ ያልደነቆረ ጆሮ ሊመሰገን ይገባዋልና። እኔ ብርሃነ ሥላሴ እባላለሁ፤ ለትምህርት መጥቼ በዚሁ የቀረሁ፣ ሠላሳ አምስት ዓመት በስታቲስቲክስ ባለሙያነት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ፣ በከተማዎ ዳርቻ ያለችው የኖርስቦሪ ሰፈር ነዋሪ ነኝ። ይህን በአማርኛ የምጽፍልዎ ስዊድንኛ አጥሮኝ አይደለም፤ ሳያነቡት በየትኛው መደብ እንደሚያስቀምጡት ለማየት ጓጉቼ ነው።

ልጄ ያኔት እዚሁ ኖርስቦሪ ተወልዳ ያደገች የሮክ ዘፋኝ ናት። በአማርኛ ሳናግራት በስዊድንኛ ትመልስልኛለች፤ ከአባቷ ቋንቋ ለራሷ ያስቀረቻት ቃል አንዲት ብቻ ናት፣ እሷም «እንዴ» ናት። ስትደነግጥ እንዴ፣ ስትናደድ እንዴ፣ ስትስቅም እንዴ ነው። አምና የሠራችው ዘፈን ከዳር እስከ ዳር ስዊድንኛ ሲሆን፣ አዝማቹ ላይ ጊታሩ ቀጥ ሲል ይህችን ቃል ጮኻ ትላታለች። ዘፈኑን ለጣቢያዎ ላከችው፤ ምስጋናዬም ከዚህ ይጀምራል።

1ኛ. ከዘፈኑ ሰባት ሰከንድ፣ ያውም አዝማቹን ብቻ ቆርጠው ለሰማንያ ቋሚ አድማጮችዎ ስላሰሙልን እግዚአብሔር ይስጥልን። አድማጮቹ «ይህን ዘፈን ያውቁታል?» ተብለው ተጠይቀው አናውቀውም በማለታቸው ነጥብ መቀነስዎም የሚደነቅ ጥበብ ነው፤ በሬዲዮ ተከፍቶ የማያውቀውን ዘፈን ከየት ይወቁት? ጣቢያዎን የሚወዱ ሰዎችን ሰብስቦ ጣቢያዎን ይወዱት እንደሆነ መጠየቅ በእኔ ሙያ ጥናት አይባልም፤ መስታወት ማየት ነው።

2ኛ. ዘፈኑን በደፈናው ከመጣል ይልቅ «የዓለም ሙዚቃ» ለሚያጫውቱ ሰዎች እንድትልከው ስለመከሯት ቸርነትዎን አልረሳም። ከማንችስተር የመጣ ጎረምሳ በእንግሊዝኛ ሲያላዝን የሰፈርዎ ልጅ ነው፤ በቀዩ የቱነልባና፣ የምድር ባቡራችን፣ መስመር ጫፍ የተወለደች ልጅ በስዊድንኛ ስትዘፍን ግን ከዓለም የመጣች ትሆናለች። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ጣቢያዎን «አማራጭ» ያለው መልአክ ግን የዚያን ዕለት ዕረፍት ላይ ሳይሆን አይቀርም።

3ኛ. እዚህ ላይ ትሕትናዬ ካነሰ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ያኔት ደውላ ምክንያቱን ብትጠይቅ፣ የክፍልዎ ባልደረባ ያቺን የማትታወቅ ቃል አውጥታ ስዊድኖቹ «ምን?» ለማለት በሚሏት «ቫ» ብትተካት ነገሩ እንደገና እንደሚታይላት ነገሯት። ልጄም አመነች። ተመልሳ ስቱዲዮ ገባች፤ «እንዴ» ወጣች፣ «ቫ» ገባ። ሁለት ወር ቆይቶ የመጣው መልስ አንድ መስመር ነበር፦ «ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የራሷ የሆነ ነገር ይጎድለዋል።»

ተናድጃለሁ፤ በጨዋ ቋንቋ ልደብቀው ሞክሬ አልሆነልኝም። የራሷ የሆነውን ነገር በገዛ እጃችሁ አስጥላችኋት ባዶ እጅሽን መጣሽ አላችኋት። ከዚያ ቀን ወዲህ ጊታሯ ከሽፋኑ አልወጣም። ከሁሉ የከፋው ግን ቃሏን ቤት ውስጥም መተዋ ነው። ብትደነግጥ ዝም፣ ብትናደድ ዝም ትላለች። በሠላሳ ዓመቷ፣ በአባቷ ፊት አንዲት ቃል ለመናገር የሚያፍር ሰው አድርጋችሁ መለሳችሁልኝ፤ ይህ እኔ የምችለው ነገር አይደለም።

ዘፈኗን እንዲያጫውቱላት አልለምንዎትም። የምለምንዎት ከጣቢያዎ ስም ላይ «አማራጭ» የምትለዋን ቃል እንዲያነሡልኝ ብቻ ነው። አንዲት ቃል ማውጣት ምንም እንደማይከብድ ለልጄ ያስተማሯት እርስዎ ነዎትና፣ አይቸገሩም ብዬ አምናለሁ።

ከአርባዎቹ ዘፈኖች በአንዱና በሌላው መካከል ፋታ አግኝተው እስከዚህ ካነበቡልኝ፣ ለሥልጣንዎ ከሚገባው አክብሮትና ለጆሮዎ ካለኝ የማያቋርጥ ርኅራኄ ጋር፣

ብርሃነ ሥላሴ፣ የያኔት አባት
ኖርስቦሪ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ለያኔት አነበብኩላት። እጇን አፏ ላይ ጭና «እንዴ፣ ፓፓ!» አለችኝ፤ ከስምንት ወር በኋላ የመጀመሪያዋ ናት። ልማድ ሆኖብኝ ለካኋት፤ አንድ ሰከንድ ብቻ ፈጀች። የቀረውን ስድስት ሰከንድ ለእርስዎ ትቼልዎታለሁ።