የስድስተኛው ሲሊንደር ጉዳይ

አሶሳ፣ ኅዳር 14 ቀን 1990 ዓ.ም.

ውድ ጋሽ ኦመር፣

ሸርቆሌ ሩቅ አይደለም፤ መጥቼ ልነግርህ እችል ነበር። ሦስት ጊዜ ተነስቼ ሦስቱንም ጊዜ ከመናኸሪያው ተመልሻለሁ። ፊትህን እያየሁ የምናገርበት አቅም ስላጣሁ ነው በወረቀት የመጣሁት።

ከሁለት ሳምንት በፊት ልጅህ ዐዋጢፍ ጋራዥ መጥታ ነበር። አጎቷ ሚኒባስ እንደገዛ፣ ከሸርቆሌ አሶሳ እንድትነዳለት ለምኖህ እምቢ እንዳልከው ነገረችኝ።

"አባቴ መሪ አልይዝም ብሏል" አለችኝ። "ወርቅ ለማጠብ ወንዝ ይወርዳል፤ ጉልበቱ ደግሞ አልቋል። 'ሞተር ያቃጠለ ሾፌር ሰው አይጭንም' ይላል። አንተን ይሰማሃል፣ ምከርልኝ።"

እኔን ነው ምከርልኝ ያለችኝ። እሺ ብዬ ሸኘኋት። 

ሰማንያ ሰባትን ታስታውሳለህ፤ ክልሉ ገና መቆሙ ነበር። ጤና ቢሮአችን በኪራይ ቤት፣ ማኅተሙ አዲስ፣ ጠረጴዛው አዲስ፤ የጭነት መኪናዋ ብቻ ከሁላችንም ያረጀች። እኔ ከወሎ በሰፈራ የመጣሁ የገበሬ ልጅ፣ ካቻቢቴ ከመፍቻ የማልለይ ነበርኩ። ጋራዥ ያስገባኸኝ አንተ ነህ። አንቱ ስልህ "አንተ በል፤ አንቱ ለሹም ነው" ብለህ ሳቅህብኝ። የቫልቭ ክፍተት መለኪያችን የጠፋ ጊዜም በጢም ምላጭ መለካትን ያሳየኸኝ አንተ ነህ። ለአየር ማስገቢያው ሦስት ምላጭ ደራርቦ፣ ለጭስ ማውጫው አራት። "ብረት ሲሞቅ ያድጋል፤ ቦታ ስጠው" ትለኝ ነበር። ያቺን የተሰባበረች አማርኛህን እየኮረጅኩ ጓደኞቼን አስቅባት ነበር።

ወደ መንጌ ወረዳ ከሄድክበት ጉዞ አንድ ወር አስቀድሞ ቫልቮቹን ያስተካከልኩት እኔ ነኝ። አንተ ለቅሶ ሄደህ አልነበርክም። ሁለት ኃላፊዎች ቆመውብኝ ቶሎ በል፣ ቶሎ በል ይሉኛል። እኔም በጥድፊያ ምላጮቹን ስሰባብር፣ የመጨረሻው ሲሊንደር፣ ስድስተኛው ላይ ስደርስ ሁለት ብቻ ቀሩኝ። ሱቁ መንገዱን ተሻግሮ ነበር፤ ቢበዛ የአምስት ደቂቃ ጉዳይ። በግምት አጠበቅሁትና ክዳኑን ገጠምኩ።

የሆነውን ታውቀዋለህ። የክትባት መድኃኒት በበረዶ ሳጥን ጭነህ ስትሄድ የመንጌ ዳገት አልወጣ አላት። ራዲያተሩ ያንጠባጥብ ስለነበር አንተ ወንዝ እየወረድክ ውሃ ስትሞላ መንገደኛው ሁሉ አይቶሃል። ሁለት ቀን እዚያው ቆመህ በረዶው ቀለጠ፣ መድኃኒቱም ተጣለ። ልጆች ለክትባት ተሰልፈው ጠብቀው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ ተባለ። ለዚያ ተጠያቂ መገኘት ነበረበት።

መኪናዋ ተጎትታ ስትመጣ ብቻዬን መረመርኳት። በትርፍ ቁልፏ ሞተሩን አስነስቼ የነዳጅ ቱቦዎቹን በየተራ አላላሁ። አምስቱን ሳላላ ሞተሩ ይንገዳገዳል፤ ስድስተኛውን ሳላላ ድምፁ አልተለወጠም፤ ድሮም አይሠራም ነበር። ነዳጅ የሚረጩትን ኖዝሎች ፈትቼ የግፊት መለኪያውን ገጠምኩ። ሌሎቹ ሃያ አራት፣ ሃያ አምስት ሲያሳዩ ስድስተኛው አሥራ አንድ ላይ ቀረ። አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምሬ ደገምኩት። ፒስተኑን ያቀፈው ፋሻ ያለቀ ቢሆን ዘይቱ ክፍተቱን ደፍኖ መርፌው ከፍ ይል ነበር። እዚያው አሥራ አንድ ላይ ነው። አየር ስለቅበት በጭስ ማውጫው ማርሚታ ሲያፏጭ ሰማሁ። የላይኛውን ክዳን ከፍቼ አየሁት፤ የጭስ ማውጫው ቫልቭ ጋ አንድ ምላጭ እንኳ የሚያስገባ ክፍተት የለም። ሲሞቅ የሚያድግበት ቦታ አጥቶ መክደን አቅቶት ጫፉ ተቃጥሎ ኖሯል። እዚያው ሞተሩ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ግምገማው በማግሥቱ ነበር። ሰብሳቢው "ባለሙያው ይናገር" ሲል ተነሳሁ።

"ፋሻው ነው" አልኩ። "ያለ ውሃ ተነድቶ ሙቀት በልቶታል።"

አዳራሹ ወዳንተ ዞረ። አንተ ቀስ ብለህ ተነሳህ።

"ሞተር ውሃ አለው ነበር" አልክ። "እኔ ሞላ፣ እኔ አየ። ግን ደባልቄ ሞተር ያውቃል። እሱ ከኦመር ነው ካለ፣ ከኦመር ነው። ወላሂ፣ እኔ አላወቀም ነበር።"

ብትከራከረኝ፣ ውሸታም ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። አንተ ግን ከገዛ ዓይንህ ይልቅ እኔን አመንክ። የመኪናዋን ቁልፍ ከኪስህ አውጥተህ ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጥ እኔ ጫማዬን እያየሁ ቆሜ ነበር።

ለምን እንዲያ እንዳደረግኩ ልንገርህ፤ ምክንያት እንጂ ማመካኛ አይደለም። እኔ ሰፋሪ ነኝ። በዚያ ዘመን ሰፋሪ ሁሉ ወደመጣበት ይመለሳል የሚል ወሬ በየቀኑ እንሰማ ነበር። እናቴ ዕቃዋን ከሻንጣ አታወጣም ነበር። ከተባረርኩ መግቢያ የለኝም፤ ጋሽ ኦመር ግን የአገሩ ልጅ ነው፣ እሱን ማንም አይነካውም ብዬ አሰብኩ። በሳምንቱ አሰናበቱህ። ያን ቀን እንኳ ሮጬ እውነቱን መናገር እችል ነበር፤ አልተናገርኩም። ፋሻ ይገዛልኝ ብዬ ፈረምኩ፤ ሲመጣ ደብቄው ከአንድ የተጣለ ሞተር ቫልቭ ፈትቼ ገጠምኩ። መኪናዋ ዳገቱን ወጣች፤ እኔንም አመሰገኑኝ። ዘንድሮ የጋራዡ ኃላፊ አድርገውኛል።

ሰኞ ዕለት ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ተናገርኩ። ያልተገጠመውን ፋሻ ከነማሸጊያው ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ኃላፊው ለረጅም ጊዜ አገላብጦ አየውና "ይሄ ፋይል ተዘግቷል፤ ሰውየውም ረስቶታል። ምን አስነሳህ?" አለኝ።

"አልረሳም" አልኩት።

"ከጻፍከው ሥራህን ታጣለህ።"

ጻፍኩት። ማኅተም የተመታበት ቅጂ ፖስታው ውስጥ አለልህ። ከሥራ ታግጃለሁ፤ ውሳኔውን እየጠበቅሁ ነው። እናቴ አኩርፋኛለች፤ ከሥራ ስለታገድኩ አይደለም፤ በአንተ ላይ ያደረግሁትን እስከዛሬ ስላልነገርኳት ነው ያኮረፈችው።

በጣም አፍሬያለሁ ጋሽ ኦመር። እንደ አባት ነው የምወድህ፤ እየወደድኩህ ነው ያደረግሁብህ። ይቅርታህን በደብዳቤ አልጠይቅም። ደጅህ መጥቼ እቆማለሁ፤ ብታባርረኝም እመለሳለሁ። እስከዚያው ግን ያ ሚኒባስ ያለ ሾፌር አይቁም።

ዐዋጢፍ፣ እስከዚህ ያነበብሽለት አንቺ እንደሆንሽ አውቃለሁ። የቀረውን በአማርኛ አታንብቢለት። በቤታችሁ ቋንቋ፣ አጎትሽም ጎረቤቱም እንዲሰማ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ ንገሪው፦ አባቴ፣ ሞተሩን አንተ አላቃጠልከውም። ውሃ ነበረው።

ደባልቄ